መሸፈን ሌላ፣ መደበቅ ሌላ፦ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች፣ ወላጆቻቸውና የካሜራ አደራ

የሙስሊምን ነውር መሸፈን ዲናችን ከሚያዘን መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። ወንድሙን የሸፈነ ሰው አላህ (ሱ.ወ) በዱንያም በአኼራም እንደሚሸፍነው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ትምህርት በኢማም ሙስሊም ሰሒሕ ውስጥ ተዘግቧል። ይህንን በመድረሳም በቤትም ስንሰማው አድገናል። ይሁን እንጂ ትክክለኛ ትምህርት ያለ ቦታው ሲውል ጉዳት ያመጣል። ዛሬ በአንዳንድ ቤተሰቦች ዘንድ «ሲትር» የሚለው ቃል ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ለማስገባት፣ ከሠርግ፣ ከዒድ ሶላት፣ ከመድረሳና ከጎረቤት ለመለየት ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመሸፈንና በመደበቅ መካከል ያለውን ልዩነት መመርመር ነው። ከዚሁ ጋር አያይዘን፣ በአነስተኛ ወጪ የሚዘጋጅ ዘጋቢ ፊልም እንደ ሁሩታ ባሉ የአርሲ ከተሞች ለሚኖሩ ቤተሰቦች ምን ሊጠቅም፣ ምንስ ሊጎዳ እንደሚችል እናያለን።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ተላላፊ አይደለም። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት መታየት ይጀምራል። ልጁ ስሙ ሲጠራ ላይዞር ይችላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየትን ይሸሻል፤ ንግግሩ ይዘገያል፣ ወይም የሰማውን ቃል ብቻ ይደጋግማል፤ እጁን ያራግባል፣ ይሽከረከራል፤ ቆርኪም ሆነ ጠጠር በሰልፍ ይደረድራል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጨነቃል፤ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ልብስ ለእርሱ ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ልጆች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከፊሎቹ ቃል ሳይናገሩ ያድጋሉ፤ ከፊሎቹ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች መካከል አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። በደም ምርመራ የሚታወቅ አይደለም፤ ባለሙያ የልጁን ጠባይ በመከታተልና ወላጆችን በመጠየቅ ነው የሚለየው። በመንስኤው ውስጥ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው። ክትባት ያመጣዋል የተባለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ከወጣ ጽሑፍ የተነሣ ሲሆን፣ ያሳተመው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ነገር ግን ልጁ ቀደም ብሎ ተገቢውን ሥልጠና ካገኘ ፍላጎቱን መግለጽ፣ ራሱን መርዳትና ከሰው ጋር መኖር ይማራል። እንግዲህ መደበቅ የሚያስከፍለው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው፤ ልጁ ሊማርባቸው የሚችሉት ዓመታት በጓዳ ውስጥ ያልፋሉ።

እናትን የከሰሰ ሳይንስ

ልጅ ሲታመም ጣት ወደ እናት መቀሰሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም የነበሩት ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ መዝግበው ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቁ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ «ልጆቹ እንዲህ የሆኑት ወላጆቻቸው ፍቅር ስለነፈጓቸው ነው» የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ማቆያ ትምህርት ቤት ይመሩ የነበሩት ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አጠናከሩት። እናቶቹም «ማቀዝቀዣ እናቶች» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፤ ልባቸው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ለማለት ነው። ልጃቸውን ሊያሳክሙ የሄዱ እናቶች ራሳቸው ተከሰው ተመለሱ።

ይህን አስተሳሰብ ፊት ለፊት ከተጋፈጡት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ሲሆኑ፣ እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የነገሩ ሥር በልጁ አካል ውስጥ እንጂ በእናት ፍቅር ማነስ እንዳልሆነ አስረዱ። ካነርም እ.ኤ.አ. በ1969 በወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተው ወላጆችን ከጥፋተኝነት ነጻ አወጧቸው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ካርተምክዊን የተባለ የቺካጎ ለትርፍ ያልቆመ የፊልም ድርጅት በዴቪድ ሲምፕሰን አዘጋጅነት «ማቀዝቀዣ እናቶች» በሚል ርዕስ አንድ ሰዓት የማይሞላ ዘጋቢ ፊልም አወጣ። የፊልሙ ዋና አካል ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚናገሩ እናቶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር እናት አሉ። ልጃቸው ኦቲዝም ሊኖርበት እንደማይችል የተነገራቸው፣ ነጭና የተማሩ ሀብታም እናት ስላልሆኑ ነበር። ያ ሐሰተኛ ሳይንስ አንዷን እናት «አንቺ ነሽ ያደረግሽው» እያለ ሲከሳት፣ ሌላዋን ለክሱ እንኳ ሳይቆጥራት ቀረ። ለተሸናፊ የተነገረ ክስ በመጽሐፍ ሲመለስ የሚያነበው ምሁር ነው፤ እናቶቹ ራሳቸው ሲመልሱት ግን ማንኛዋም እናት ትሰማዋለች። ዘጋቢ ፊልም ከመጽሐፍ የሚለየው በዚህ ነው።

በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ ኦቲዝም በአደባባይ እንዲነገር ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚ ስፍራ የሚሰጣቸው ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በውበት ሙያ ማሠልጠኛቸው የሚታወቁት ወ/ሮ ዘሚ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። የፊደላችንን ድምፆች መሠረት ያደረገ፣ «አቡጊዳ» የሚል ስም የሰጡት የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ «ልጄ እንዲህ ነው» ብለው በአደባባይ መናገራቸው ለብዙ ወላጅ አንደበት ሆኗል። ከእርሳቸው በኋላም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች ተነሣሽነት በዚያው በአዲስ አበባ ተቋቁሟል።

የወላጆቹ ሸክም ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ጥናትም አለ። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉ 102 ሰዎች የተሰበሰበውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደተሰማቸው፣ ከመቶ 43 ያህሉ ሰው በተለየ ዓይን ያየናል ብለው እንደሚሰጉ፣ ከአራት አንድ የሚበልጡትም ነገሩን በምሥጢር ለመያዝ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ከአራት ሦስቱ ያህል ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው የትምህርት ዕድል እንደሆነ ገልጸዋል። እነዚህ እንግዲህ ልጃቸውን ወደ ክሊኒክ ያመጡ ወላጆች ናቸው። ጨርሶ ያላመጡት አልተቆጠሩም።

አሁን ይህንን ወደ ሁሩታ እንውሰደው። የሎዴ ሔጦሳ ወረዳዋ ሁሩታ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት በአርሲ ደጋ የምትገኝ፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባት ከተማ ናት። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ማዕከላት ያሉት አዲስ አበባ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ አሰላ እንኳ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ገበሬው ወይም ሱቅ ጠባቂው አባት ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከመስማቱ በፊት የሚሰማው ሌላ ቃል አለ። እርሱም ጂን፣ ሲሕር፣ ቡዳ ነው።

ጂን፣ ሩቃና ሕክምና

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ሙስሊም በጂን መኖር ያምናል፤ ቁርኣን የተናገረው ነውና። በቁርኣንና በሱና በተረጋገጡ ዱዓዎች ሩቃ ማድረግም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ጂን አለ ማለት አንድ ነገር ሲሆን፣ ይህ ልጅ የማይናገረው ጂን ስለያዘው ነው ማለት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ስለ ሩቅ ነገር (ገይብ) ያለ ማስረጃ መመስከር ነው። ልጁን ማሰር፣ መግረፍ፣ በጭስ ማፈን ደግሞ «ጉዳት ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ የለም» ከሚለው የታወቀ የሸሪዓ መርህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ክታብ አንገት ላይ ማንጠልጠልና ከቃልቻ ደጅ መቆምም በሐዲስ ምን እንደተባለ አንባቢ ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች መድኃኒት እንዲሹ አዘዋል፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረዋል። ሩቃ ያደረገ አባት ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስድ ከተወኩል አይጎድልበትም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ጆሮውን ደፍኖ ሊጮህና ሊሮጥ ይችላል። ሸይጧን አዛን ሲሰማ እንደሚሸሽ በሐዲስ የተማረ ጎረቤት ይህን ሲያይ ምን እንደሚል ለመገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ያው ልጅ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ሲያልፍም ጆሮውን ይደፍናል፤ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማም ይጮሃል፤ በዝግታና ለስለስ ባለ ድምፅ ቁርኣን ሲቀራለት ግን ተረጋግቶ ሊቀመጥ ይችላል። የሚያመው የአዛኑ ቃል ሳይሆን የድምፁ ኃይል ነው። ይህን በዳዕዋ መድረክ አንድ ሰዓት ቢያስረዱት የማይገባው ሰው፣ ሦስቱን ትዕይንቶች በተከታታይ በሁለት ደቂቃ ቢያይ ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካሜራ ደግሞ በኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

የምስል ትምህርት ፍሬ እንዳለው በአገራችን ታይቷል። በደቡብ ኢትዮጵያ ከ300 በላይ በሚሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ስለ አእምሮ ጤና ከሠለጠኑት መካከል ከፊሎቹ በቪዲዮና በኪስ መጽሐፍ የታገዘ ተጨማሪ ትምህርት የተሰጣቸው ሲሆን፣ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ ስለ ኦቲዝም ልጆች ያላቸው የተሳሳተ አመለካከት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

የኡሙ ዙፈር ትምህርት

ይሁንና «ልጄን በፊልም አሳይቼ መሳለቂያ ላደርገው ነው?» የምትል እናት ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከአንድ ታላቅ ሐዲስ እናገኛለን። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ለተማሪያቸው ለዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ከጀነት ሰዎች የሆኑ ሴት ላሳይህን ብለው አንዲት ጥቁር ሴት አመለከቷቸው። እኚህ ሴት የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው በሽታው ሲጥላቸው ሰውነታቸው እንደሚገለጥ ነግረው ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ጠየቁ። ነቢዩም ታግሠው ጀነትን ማግኘት ወይም እንዲፈወሱ ዱዓ ማድረግን አስመረጧቸው። ሴትዮዋ ትዕግሥትን መረጡ፤ ሆኖም በሽታው ሲጥላቸው ሰውነታቸው እንዳይገለጥ ዱዓ እንዲደረግላቸው ለመኑ። ተደረገላቸውም።

ከዚህ ሐዲስ ሦስት ነጥቦችን እንውሰድ። አንደኛ፣ በሽታው የኃጢአት ቅጣት ነው አልተባለም፤ በትዕግሥት የጀነት መንገድ ሆነ። ሁለተኛ፣ ሴትዮዋ የለመኑት መሸፈንን እንጂ መደበቅን አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሰዎች ያውቋቸው ነበር። በቡኻሪ ዘገባ ዐጧእ እኚህን ሴት፣ ኡሙ ዙፈርን፣ ያዩዋቸው በካዕባ መጋረጃ ዘንድ ነው። መጋረጃው በዐረብኛው «ሲትር» ይባላል። በሲትር ስም ልጁን ጓዳ ለሚያስቀምጥ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ኡሙ ዙፈር ተሸፍነዋል፤ ነገር ግን ከሕዝብ መካከል፣ ከቅዱሱ ቤት አጠገብ ነበሩ።

ሲትር የሚሰጠው ለኃጢአትና ለዐውራ ነው። የልጁ ሁኔታ ኃጢአት አይደለም፤ ልጁም ዐውራ አይደለም። የሚሸፈነው የልጁ እርቃን፣ የጭንቀቱ ሰዓት፣ የቤተሰቡ ገመና ነው። የማይሸፈነው ልጁ ራሱ ነው።

ፊልሙ እንዴት ይሠራ?

ከዚህ መርህ ተነሥተን በሁሩታም ሆነ በሌላ ከተማ በጥቂት ገንዘብ እንዲህ ያለ ፊልም ለሚያስቡ ወጣቶች የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ. ፈቃድ ቀዳሚ ነው። አባትም እናትም ሊስማሙ ይገባል። ፊልሙ ከማንም በፊት ለእነርሱ ይታይ፤ «ይህን አውጡ» ያሉት ይውጣ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ፊት ቢሸፈን እንኳ ሰው በድምፁና በደጃፉ ይታወቃልና ይህ አደራ ከአዲስ አበባ ይልቅ በሁሩታ ይከብዳል።

2ኛ. ልጁ ራሱን ሲመታ፣ ልብሱን ሲጥል፣ መሬት ላይ ሲንከባለል አይቀረጽ። እንባ የሚያስመጣው ትዕይንት ብዙውን ጊዜ ክብር የሚገፍፈው ትዕይንት ነው። ነቢዩ ለኡሙ ዙፈር ዱዓ ያደረጉት እንዳይታይ የተለመነውን፣ ካሜራችን ለተመልካች ብዛት ሊያሳየው አይገባም።

3ኛ. ስለ ምስል ሑክም ዑለሞች ልዩነት አላቸው። ብዙ የዘመኑ ዑለሞች ለትምህርት ጥቅም ፈቅደዋል፤ የማይቀበል ቤተሰብ ቢኖር ግን አይገደድ። የእናት ድምፅ፣ ቆርኪ የሚደረድሩ የልጁ እጆች፣ የቤቱ በርና የገበያው ጫጫታ ብቻቸውን ታሪኩን ሊናገሩ ይችላሉ።

4ኛ. አባት ይናገር። በእንዲህ ያለ ፊልም ብዙ ጊዜ እናት ታለቅሳለች፣ አባት አይታይም። ሸክሙን በእናት ላይ ጥሎ የሄደ አባት እንዳለ ሁሉ፣ ልጁን አዝሎ ሐኪም ዘንድ የሚንከራተትም አለ። ቁርኣን ልጅን ለሁለቱም አደራ አድርጎ ሰጥቷልና ካሜራውም ሁለቱን ይፈልግ።

5ኛ. ፊልሙ የምጽዋት ልመና አይሁን፤ ተአምርም አይቸርችር። ሦስት ወር የፈጀ አንድ ትምህርት፣ ለምሳሌ ልጁ ውኃ ሲጠማው ወደ ማሰሮው ማመልከት መማሩ፣ ከማንኛውም የፈውስ ወሬ ይበልጣል። ሌላው ወላጅ ነገ ቤቱ ሊሞክረው የሚችለው ይህንን ነው።

6ኛ. ቋንቋው የቤቱ ቋንቋ ይሁን። የአርሲ እናት ልቧን የምትገልጸው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ትናገር፤ አማርኛው በጽሑፍ ይከተል።

ከጀመዓው ምን ይጠበቃል?

ፊልም ልብን ይከፍታል እንጂ ልጅን አያስተምርም። ልጁ ከጓዳ ሲወጣ የሚቀበለው ቦታ ከሌለ እናት ዳግመኛ በሩን ትዘጋለች። መስጊዶቻችን ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጓቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናትየዋ አዝነው ሶላት ያሳጥሩ ነበር። መስጊድ ውስጥ የሸናውን ገጠሬ እንዲተዉት አዘው ውኃ ከማስፈሰስ በቀር አልቀጡትም። አእምሮዋ ላይ አንዳች ችግር የነበረባት ሴት ጉዳይ አለኝ ብትላቸው፣ የፈለገችውን መንገድ እንድትመርጥ ነግረው አብረዋት ቆመው ጉዳይዋን እንደሰሙ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ዛሬ አንድ ልጅ በሶላት መካከል ቢጮህ የምንዞረው ዓይን የትኛውን ሱና ይመስላል?

ኢማሞች በኹጥባ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጉዳዩን ያንሱ። የመድረሳ ኡስታዞች እንዲህ ያለውን ልጅ በዱላ ከመመለስ ይልቅ በጸጥታ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ይቀበሉት። ልጁ ሲያድግ ሶላትና ጾም ግዴታ ይሆኑበታል ወይ የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም። ማስተዋል ከሌለው ሰው ላይ ብዕር እንደተነሣ በሐዲስ ይታወቃል፤ ኦቲዝም ካለባቸው ብዙዎች ግን የሚያስተውሉ ናቸውና፣ እያንዳንዱ ልጅ በዓሊምና በሐኪም ምክር ሊታይ ይገባዋል። ባለሀብቶችም የሶደቃቸውን ከፊል ለአንድ ልዩ መምህር ደመወዝ ወይም ለአንድ ቤተሰብ የሕክምና ጉዞ ቢያውሉት፣ ልጁ በሕይወት እስካለ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ ከዓለም ኋላ ሊቀሩ አይገባም። የዓለም የኦቲዝም ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 እንዲታሰብ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳቡን ያቀረበችው ኳታር ስትሆን፣ ውሳኔውም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2007 ጸድቋል። ሐሳቡ ከሙስሊም አገር ወጥቶ የዓለም ሁሉ ሆኗል፤ የቀረው ወደ ሠፈራችን መስጊድ መድረሱ ነው።

በሱረቱ ዓበሰ አላህ (ሱ.ወ) ስለ አንድ ዓይነ ስውር ሲል ውድ ነቢዩን ወቅሷል። ያ ሰው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ከዚያ በኋላ የመዲና ሙአዚን ሆነዋል። ቦታ የተሰጠው ሰው ምን እንደሚሆን በዚህ እናያለን። በየጓዳው ያሉ ልጆችም ቦታ ይጠብቃሉ። አላህ ለወላጆቻቸው ሶብርን፣ ለእኛም ማስተዋልን ይስጠን።

ወላሁ አዕለም።